መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጁት አስተማሪ፤ የሚስተር ሆርንቢ የሕይወት ታሪክ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ የጀግኖችና የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲወጣ ቆይቷል። እኔ ደግሞ ዘንድሮ የአንድ አስተማሪ ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ሰውዬው ጦር አልመሩም፤ ዙፋን ላይ አልተቀመጡም። ነገር ግን ሥራቸው እያንዳንዳችን ቤት ገብቷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ልጅ ያስተማረ ወይም ቢሮ የሠራ ሰው ያንን ወፍራም የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያውቀዋል። በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ፣ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ በአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ሸራ ላይ ሁሉ አለ። ሽፋኑ ላይ ወይም ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ሆርንቢ የሚል ስም ተጽፎ ይገኛል። ስሙን ሁሉም ያየዋል፤ ማን እንደሆኑ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እኔ ጸሐፊው እንደምታውቁኝ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴም ከአንደኛ ደረጃ አያልፍም። ስለዚህ ጽሑፌ የምሁር ጽሑፍ አይደለም። ለብዙ ዓመት ከጠረጴዛዬ ያልተለየውን መጽሐፍ ያዘጋጀው ሰው ማነው ብዬ ካነበብኩትና ጠይቄ ከተረዳሁት ያጠናቀርኩት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ለይቼ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ሙሉ ስማቸው አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ ነው። የተወለዱት በኦገስት 10 ቀን 1898 ሲሆን ይህም ከአድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የትውልድ ከተማቸው ቼስተር ትባላለች። በእንግሊዝ አገር በሰሜን ምዕራብ በኩል የምትገኝ፣ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በግንብ የታጠረች ጥንታዊ ከተማ ናት። ወጣቱ ሆርንቢ ለንደን ከተማ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተምረው በ1922 ተመረቁ። በዚያን ጊዜ ለነበረ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው ግጥምና ድርሰት ያውቃል። ነገር ግን ቋንቋውን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚያስተምር አልተማረም። ይህንን ነጥብ ያዙልኝ፤ የሚስተር ሆርንቢ የዕድሜ ልክ ሥራ ከዚህ ጉድለት ነው የሚነሣው።

በ1924 ወደ ጃፓን አገር ሄዱ። የተቀጠሩት ኪዩሹ በምትባለው የደቡብ ደሴት፣ ኦይታ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ከፍተኛ የንግድ ትምህርት ቤት ሲሆን ሥራቸውም የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ነበር። ጃፓኖች በዚያን ጊዜ ለእንግሊዝኛ ትልቅ ቦታ ሰጥተው ነበር። ተማሪው በመለስተኛ ትምህርት ቤት ዓመታት ሙሉ እንግሊዝኛ ይማራል፤ ለከፍተኛ ትምህርት መግቢያም ይፈተንበታል። ትምህርቱ ግን በአብዛኛው ትርጉም ነበር። መምህሩ አንድ አረፍተ ነገር ያነባል፣ ቃል በቃል ወደ ጃፓንኛ ይመልሳል፣ ተማሪውም ይጽፋል። ተማሪው ከስንት ዓመት በኋላ ከባድ መጽሐፍ መተርጎም ቢችልም ውኃ ጠማኝ ብሎ መጠየቅ ያቅተዋል። እንግዲህ እንዲህ ላለው ተማሪ የእንግሊዝን ባለቅኔዎች ማስተማር ማለት ፊደል ላልቆጠረ ልጅ ቅኔ እንደ መዝረፍ ያለ ነው።

ሚስተር ሆርንቢ ይህንን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ሌላው ሰው ቢሆን ደመወዜን ልብላ፣ ተማሪውም የራሱ ጉዳይ ነው ብሎ ዓመቱን ይገፋ ነበር። እሳቸው ግን ሐሳባቸውን ከሥነ ጽሑፉ ወደ ቋንቋው መለሱ። ተማሪው የሚያስፈልገው ቋንቋው ነው፤ ቋንቋውን ለማስተማር ደግሞ ቋንቋውን መናገር ብቻ አይበቃም፤ ለብቻው የሚጠና ሙያ ነው ወደሚል እምነት ደረሱ። ይህ ዛሬ ለእኛ ግልጽ ይመስለናል። በዚያን ጊዜ ግን እንግሊዛዊ ሁሉ እንግሊዝኛ ማስተማር ይችላል ተብሎ ይታሰብ ነበር። አማርኛ የሚናገር ሁሉ አማርኛ ማስተማር ይችላል እንደ ማለት ነው። እስቲ ማናችን ነን ለአንድ የውጭ አገር ሰው በላሁ እና በልቻለሁ የሚባሉት በምን እንደሚለያዩ አሳምረን የምናስረዳ?

በዚህ ሐሳብ ላይ ሳሉ ከእሳቸው የሚቀድሙ አንድ ባለሙያ በዚያው በጃፓን ነበሩ። ሃሮልድ ፓልመር ይባላሉ። ሚስተር ፓልመር በ1877 ለንደን የተወለዱ፣ በወጣትነታቸው ቤልጂግ አገር ሄደው ቋንቋ በማስተማር ሥራውን ከሥሩ የተማሩ ሰው ናቸው። በ1922 የጃፓን የትምህርት ሚኒስቴር አማካሪ ሆነው ቶኪዮ ገቡ። በማግሥቱ ዓመት በ1923 የእንግሊዝኛ አስተማሪነት ምርምር ተቋም የሚባል ድርጅት ተቋቋመላቸው። የድርጅቱ ሥራ አስተማሪዎችን መርዳት ነበር። መጽሔት ያወጣል፣ የማስተማሪያ መጻሕፍት ያዘጋጃል፣ በየዓመቱም የጃፓን የእንግሊዝኛ መምህራንን ቶኪዮ ላይ ይሰበስባል።

ሚስተር ሆርንቢ ከኦይታ ሆነው ለዚህ ድርጅት መሥራት ጀመሩ። መጀመሪያ የቃላት ዝርዝር በማዘጋጀት ረዱ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይም ወደ ቶኪዮ ተዛውረው ከሚስተር ፓልመር ጋር በቅርብ ይሠሩ ጀመር። ሥራውም ለማያውቀው ሰው ቀልድ የሚመስል ነበር። ከእንግሊዝኛ ቃላት ውስጥ የትኞቹ ለተማሪ ይቅደሙ? የትኛው ቃል ከየትኛው ቃል ጋር አብሮ ይሄዳል? ይህንን ቁጭ ብሎ በወረቀት ላይ እየለቀሙ መመዝገብ ነው። እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ስለሆንኩ እንዲህ ያለው ሥራ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ሁለቱ ሰዎች በ1937 በአንድ ሺህ ቃላት ላይ የተመሠረተ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በጋራ አሳትመዋል።

አብሮ የሚሄድ ቃል ማለት ምን እንደሆነ በራሳችን ቋንቋ ላስረዳ። እኛ ሸሚዝ እንለብሳለን፤ ባርኔጣ ግን እንደፋለን እንጂ እንለብሳለን አንልም። ጫማ እንጫማለን፣ ነጠላ እናጣፋለን፣ መቀነት እንታጠቃለን፣ ሻሽ እናስራለን፣ ቀለበት እናጠልቃለን፣ መነጽር እናደርጋለን። እንግሊዙ ይህንን ሁሉ ዌር በሚል አንድ ቃል ይጨርሰዋል። ታዲያ አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ባርኔጣ ለበስኩ ቢል ሰፈሩ ይስቅበታል። ጥፋቱ ግን የሱ አይደለም፤ ቃሉን ከጓደኛው ጋር ያላስተማረው የአስተማሪው ነው። እኛም እንግሊዝኛ ስንማር እንዲሁ ነው። ስሕተት ሠራሁ ለማለት ሜክ በሚለው ምትክ ዱ የሚለውን ቃል እናስገባለን፤ በአማርኛ ሁለቱም ሠራ ወይም አደረገ ነውና። ሚስተር ፓልመርና ሚስተር ሆርንቢ የለቀሙት ይህንን የመሰለውን ነው።

በ1936 ሚስተር ፓልመር ወደ አገራቸው ተመለሱ። የድርጅቱ የምርምር ሥራና የመጽሔቱ አዘጋጅነት በሚስተር ሆርንቢ ትከሻ ላይ ወደቀ። በዚያን ጊዜ አካባቢ ነው እንግዲህ ያንን መዝገበ ቃላት የጀመሩት። ጌትንቢና ዌክፊልድ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የሥራ ባልደረቦቻቸው አብረዋቸው ሠሩ። ሐሳቡ አዲስ ነበር። የቀድሞዎቹ መዝገበ ቃላት የተዘጋጁት በአብዛኛው ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው ለሆነ ሰዎች ነው። እንዲህ ያለው ሰው መዝገበ ቃላት የሚከፍተው የማያውቀውን ቃል ትርጉም ለማየት ነው። ተማሪ ግን ትርጉሙን ካገኘም በኋላ ቃሉን በአረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚያስገባው አያውቅም። እነ ሚስተር ሆርንቢ ያዘጋጁት መዝገበ ቃላት ለዚህ ሰው የታሰበ ነው።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። አንደኛው የግሥ አገባብ ነው። በእኛ ቋንቋ ንገረኝ እና አስረዳኝ በአሠራር አንድ ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን ቴል ሚ ይባላል፤ ኤክስፕሌን ሚ ግን አይባልም፤ ኤክስፕሌን ቱ ሚ ነው የሚባለው። ይህንን ትርጉሙ አይነግራችሁም። ሚስተር ሆርንቢ የእንግሊዝኛን ግሦች አገባብ በሃያ አምስት ዓይነት ከፍለው፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥተው፣ በየግሡ አጠገብ ቁጥሩን አስቀመጡ። ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። የሚቆጠሩትንና የማይቆጠሩትን ስሞች በፊደል ምልክት ለዩአቸው። በየመሥሪያ ቤቱ የንብረት መዝገብ ላይ ፈርኒቸርስ፣ ኢኩዊፕመንትስ እየተባለ በብዙ ቁጥር ተጽፎ አይቻለሁ። እነዚህ ቃላት በእንግሊዝኛ የማይቆጠሩ ናቸው፤ መጨረሻቸው ላይ ስ አይጨመርም። ምልክቱን የተመለከተ ጸሐፊ ከዚህ ይድናል።

ሥራው ለዓመታት ቀጥሎ ሊያልቅ ሲል ጦርነት መጣ። በዲሴምበር 1941 ጃፓን አሜሪካንና እንግሊዝን ወጋች። ሚስተር ሆርንቢ በጃፓን ምድር ያሉ የጠላት አገር ዜጋ ሆነው ተያዙና ታሰሩ። ለአሥራ ሰባት ዓመት ያህል ያስተማሩበት አገር ማለት ነው። በ1942 ከሌሎች ዜጎች ጋር ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተደረገ። የሚገርመው ነገር ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያው በ1942፣ ሁለቱ አገሮች በባሕርና በየብስ እየተዋጉ ሳለ፣ ካይታኩሻ የሚባለው የቶኪዮ አሳታሚ ያንን በእንግሊዛውያን የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አትሞ አወጣ። መንግሥታት ሲጣሉ የአስተማሪ ሥራ አልቆመም። ጦርነት ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባዋል።

ሚስተር ሆርንቢ እንደ ተመለሱ ብሪቲሽ ካውንስል በሚባለው መሥሪያ ቤት ገቡና ወደ ፋርስ አገር ተላኩ፤ በቴህራን ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1945 ለንደን ተመልሰው የመሥሪያ ቤቱ የቋንቋ አማካሪ ሆኑ። በዚህ ሥልጣን ላይ ሳሉ የሠሩት ዋና ነገር አንድ መጽሔት ማቋቋም ነው። በኦክቶበር 1946 የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማስተማር የሚል ስም ያለው መጽሔት ወጣ፤ የመጀመሪያው አዘጋጅም እሳቸው ሆኑ። መጽሔቱ የታሰበው በሩቅ አገር ብቻውን ለሚያስተምር መምህር ነው። እንዲህ ያለው መምህር በክፍሉ ውስጥ አንድ ችግር ሲገጥመው የሚጠይቀው ሰው የለውም። መጽሔቱ ሲደርሰው ግን ሌላው መምህር በሌላ አገር ያንኑ ችግር እንዴት እንደ ተወጣው ያነባል። መጽሔቱ እስከ ዛሬ ድረስ ይታተማል። እኛስ ይህችን መጽሔታችንን የምናወጣው አንዱ የሌላውን እንዲሰማ አይደለም?

በ1948 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ቶኪዮ ላይ የታተመውን መዝገበ ቃላት ገጹን በፎቶግራፍ አንሥቶ እንደገና አሳተመው። አዲስ የፊደል ለቀማ እንኳ አላስፈለገም። በ1952 ዛሬ የሚታወቅበት ከፍ ላለ ተማሪ የተዘጋጀ የሚለው ስም ተሰጠው። ሁለተኛው እትም በ1963፣ ሦስተኛው በ1974 ወጣ። በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን የነበረው ሦስተኛው ነው። አሥረኛው እትም ደግሞ በ2020 ወጥቷል። በየእትሙ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ለተማሪ የተዘጋጀ መሆኑ ግን አልተለወጠም። መጽሐፉም በዓለም ሁሉ በብዙ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል።

ሚስተር ሆርንቢ በ1950 ገደማ ከመሥሪያ ቤታቸው ወጥተው ሙሉ ጊዜያቸውን መጽሐፍ ለማዘጋጀት አዋሉት። ለጎልማሶች የሚሆን የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ በሦስት መጽሐፍ ከ1954 እስከ 1956 አሳተሙ። የአገባብ መምሪያም ጻፉ። ከሁሉም በላይ ግን እኔን ያስደነቀኝ በቀጥታ ለአስተማሪ የጻፉት ነው። ከ1959 ጀምሮ በአራት ደረጃ የወጣ መጽሐፍ አላቸው። መጽሐፉ ለተማሪ አይደለም። አስተማሪው ዛሬ ጠዋት ክፍል ሲገባ የትኛውን አረፍተ ነገር በምን ተራ፣ በምን ዓይነት ማሳያ እንደሚያስተምር የሚመራ ነው።

ዘዴው ባጭሩ እንዲህ ነው። አስተማሪው ቃሉን በትርጉም ከመንገር ይልቅ ሁኔታውን ይፈጥራል። ወደ በሩ እየሄደ ወደ በሩ እየሄድኩ ነው ይላል፤ በሩን እየከፈተ በሩን እየከፈትኩ ነው ይላል፤ ከዚያ ተማሪውን አስነሥቶ ያንኑ ያሠራዋል፤ ሌላው ተማሪ ደግሞ ጓደኛው ምን እያደረገ እንደሆነ ይናገራል። መጀመሪያ ጆሮ ይሰማል፣ ቀጥሎ አፍ ይናገራል፣ ከዚያ ዓይን ያነባል፣ በመጨረሻ እጅ ይጽፋል። አዲስ ነገር የሚመጣው የቀድሞው ሲጸና ነው። ይህ ዘዴ ሁኔታዊ ዘዴ ይባላል። ከዚያ በኋላ የመጡ ሊቃውንት የሚነቅፉት ነገር አግኝተውበታል፤ ተማሪው የተሰጠውን አረፍተ ነገር ይደግማል እንጂ የራሱን ሐሳብ ለመናገር በቂ ቦታ አያገኝም ብለዋል። ነቀፌታው ሚዛን የሚደፋ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ማንም አልካደም፤ ይኸውም አስተማሪ ክፍል ከመግባቱ በፊት መዘጋጀት ያለበት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና ፍሬ ደርሻለሁ። መዝገበ ቃላቱና ሌሎቹ መጻሕፍት በብዛት ስለ ተሸጡ ለሚስተር ሆርንቢ ብዙ ገንዘብ ይገባ ጀመር። አስተማሪ ሆነው ኖረው በስተርጅና ሀብት መጣ ማለት ነው። ሰው በዚህ ጊዜ ነው የሚለየው። ሚስተር ሆርንቢ በ1961 በስማቸው የትምህርት አደራ ድርጅት አቋቁመው ከመጽሐፋቸው የሚገኘውን ገቢ ለዚያ እንዲውል አደረጉ። ምክንያታቸውም ቀላል ነበር። መጽሐፉን የገዙት በየአገሩ ያሉ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ናቸው፤ ስለዚህ ገንዘቡ ትምህርት ሆኖ ወደ መጣበት አገር መመለስ አለበት የሚል ነው።

ልብ በሉ፤ ገንዘቡን ሕንፃ ሠርቼ ስሜን ልስቀልበት አላሉም። ለድሃ ተማሪ በየግሉ ልስጥም አላሉም፤ ያም ጽድቅ በሆነ። ያዋሉት ለአስተማሪዎችና አስተማሪ ለሚያሠለጥኑ ሰዎች ነው። ከየአገሩ የእንግሊዝኛ መምህራን እየተመረጡ ወደ እንግሊዝ ሄደው የማስተማር ሙያቸውን አሻሽለው እንዲመለሱ ተደረገ፤ ይህም ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ተማሪ ብትረዱ አንድ ሰው ረዳችሁ። አንድ መምህር ብትረዱ በየዓመቱ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ረዳችሁ። መምህራንን የሚያሠለጥን አንድ ሰው ብትረዱ ደግሞ ቁጥሩን እናንተው አስሉት። የዕድር ሰው ሒሳብ ያውቃል።

ሚስተር ሆርንቢ በስተርጅናቸው ክብር አልጎደለባቸውም። የተማሩበት የለንደን ኮሌጅ በ1976 የክብር አባል አደረጋቸው። ሰማንያኛ ዓመታቸውን ምክንያት በማድረግም የሙያ ባልደረቦቻቸው ለክብራቸው ጽሑፍ አዋጥተው በ1978 አንድ መጽሐፍ አሳተሙላቸው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር፣ የሰማንያ ዓመት ልደታቸውን ካከበሩ አንድ ወር ያህል ቆይተው አረፉ። ነፍስ ይማር እንላለን።

እንግዲህ ይህ የእንግሊዛዊ ሰው ታሪክ ለእኛ ሰፈር ምን ያደርግልናል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ያደርግልናል። እንግሊዝኛ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ከሆነ ሰንብቷል። ቀድሞ በየትምህርት ቤቱ የእንግሊዝ፣ የሕንድና የአሜሪካ ተወላጆች ያስተምሩ ነበር፤ በ1962 ብቻ ከሁለት መቶ በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው በየከተማው ተመድበዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው በአብዛኛው በራሳችን መምህራን እጅ ገባ። እነሱን ያወጡት በሐረር፣ በደብረ ብርሃን፣ በኮተቤና በሌሎችም ቦታዎች የነበሩ የመምህራን ማሠልጠኛዎችና ኮሌጆች ናቸው። በ1994 (በእኛ በ1986 ዓ.ም.) የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ወሰነ። ይህ ማለት በገጠሩም በከተማውም የአንደኛ ክፍል መምህር የሆነ ሁሉ የእንግሊዝኛ መምህር ሆነ ማለት ነው። እሱ ራሱ ቋንቋውን በትርጉምና በቃል ጥናት የተማረ ከሆነ፣ ያንኑ ከመድገም በቀር ምን ማድረግ ይችላል? ኦይታ ከተማ ሚስተር ሆርንቢ የገጠማቸው ችግር ያው ራሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በቅርብ ዓመት አንዲት የሰፈራችን እናት ቤት ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ሳለ ፊታቸው ጠቁሮ አገኘኋቸው። ምን ሆኑ እትዬ ብላቸው፣ ልጃቸው የመምህራን ኮሌጅ ደረሳት። ልክ ሰው እንደ ሞተባቸው ነበር የነገሩኝ። ልጅቷ ጥግ ተቀምጣ ይህንን ሁሉ ትሰማለች። እኛ ዕድርተኞች ሐዘን ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ድንኳን የምንተክለው፣ ፍራሽ የምናነጥፈው እኛ ነን። አስተማሪ መሆን ሐዘን አይደለም። ደመወዙ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ የቤት ኪራይም አይመክትም፤ ይህንን አልክድም። ነገር ግን ወደ ሙያው የሚገባውን ልጅ ገና በሩ ላይ አንገቱን ካስደፋነው፣ ነገ የልጅ ልጃችንን በምን ልቡ ያስተምርልናል? ልጅቷ ኮሌጁን ጨርሳ ዛሬ እያስተማረች ነው፤ እናቲቱም አሁን በኩራት ነው የሚያነሡአት።

ስለዚህ ለአባላት የማሳስበው ይህንን ነው። በየቤታችን መምህር ለመሆን የሚማር ልጅ ካለ እናክብረው፤ ኮሌጅ ሲገባም እንደ ማንኛውም ተመራቂ እንመርቀው። በመካከላችን ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህራን አሉ። ዕድራችን ስብሰባ በማያደርግበት ሰንበት አዳራሻችን ባዶውን ነው የሚውለው። እነዚህ አንጋፋ መምህራን የሰፈራችንን ዕጩ መምህራን በሳምንት አንድ ሰዓት ተቀብለው እንግሊዝኛ ቢያናግሯቸው፣ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚቆም፣ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ ቢያሳዩአቸው፣ ለዕድሩ የሚወጣ ወጪ የለውም። በየቤቱ አቧራ የለበሰ መዝገበ ቃላት ያለውም አዳራሹ ውስጥ ለጋራ መጠቀሚያ ቢያስቀምጠው መልካም ነው። አሮጌ እትም ቢሆንም ግድ የለም፤ ቴል ሚ እና ኤክስፕሌን ቱ ሚ ዛሬም አልተለወጡም። ሐሳቡን ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በጽሑፍ ለሊቀመንበሩ አቅርቤአለሁ፤ የምትደግፉት በዕለቱ እጃችሁን እንድታወጡልኝ እለምናለሁ።

ዕድር ማለት ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ተሰብስቦ፣ ችግር ወደ ወደቀበት ቤት የሚመለስ ገንዘብ ነው። ሚስተር ሆርንቢ ዕድር የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ከየአገሩ የተሰበሰበውን የመጽሐፍ ገንዘብ ወደየአገሩ መምህራን ሲመልሱ ግን የሠሩት የእኛኑ ሥራ ነው። እኛ እስካሁን የረዳነው የሞተበትን ነው፤ ይህም ይቀጥል። ለሚያስተምረው ሰውም የምትተርፍ አንዲት ሰዓት አናጣም።